ኢንተርኔት መንገዱን እንዴት ያውቃል? ስለ ራውቲንግ ፕሮቶኮሎችና ስለ ትራፊክ አስተዳደር

#ቴክኖሎጂ

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም ማምሻውን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ ጠፉ። 6 ሰዓት ገደማም አልተመለሱም። ብዙዎች "ሀክ ተደርገው ነው" ብለው ጠርጥረው ነበር። ነገር ግን ማንም ሰብሮ አልገባም፤ ሰርቨሮቹም አልተቃጠሉም። የጠፋው ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

ለመሆኑ በኢንተርኔት ላይ "መንገድ" የሚባለው ምንድን ነው? ማንስ ነው የሚያበጀው? እንመልከት።

▪️ ራውቲንግ ምንድን ነው?

በስልካችሁ አንድ ቪዲዮ ስትከፍቱ ቪዲዮው በአንድ ቁራጭ አይመጣም። ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው። እያንዳንዱ ፓኬት የላኪውንና የተቀባዩን አይፒ አድራሻ ይይዛል። በየመገናኛው ያለው ራውተር አድራሻውን ያያል፣ የራሱን ሰንጠረዥ ያመሳክራል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ራውተር ያሳልፈዋል። ራውተሩ የሚወስነው ቀጣዩን እርምጃ ብቻ ነው።

ሰንጠረዡን የሚሞሉት ራሳቸው ራውተሮቹ እርስ በርስ መረጃ ተለዋውጠው ነው። የሚለዋወጡበት ደንብ ራውቲንግ ፕሮቶኮል ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው፦ በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ የሚሠራና በድርጅቶች መካከል የሚሠራ።

▪️ በውስጥ፦ ሪፕ እና ኦኤስፒኤፍ

ሪፕ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የሚቆጥረው በመሀል ስንት ራውተር እንዳለ ብቻ ነው። ከ15 ካለፈ "አይደረስም" ብሎ ይተወዋል። የመስመሩን ፍጥነት አያይም። ከሜክሲኮ መገናኛ ለመሄድ "ፌርማታው ያነሰበትን እንያዝ" ብሎ መንገዱ መዘጋጋቱን አለማየት ማለት ነው።

ኦኤስፒኤፍ የተሻለ ነው። እያንዳንዱ ራውተር የኔትወርኩን ሙሉ ካርታ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ መስመርም "ዋጋ" ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ሰፊ መስመር ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ከዚያ የሆላንዱ ሳይንቲስት ዳይክስትራ እ.ኤ.አ በ1959 ባሳተመው ስሌት ዋጋው ያነሰውን መንገድ ያወጣል። አንድ ኬብል ሲበጠስ ወሬው በፍጥነት ይዳረስና ሁሉም እንደገና ያሰላል።

▪️ በመካከል፦ ቢጂፒ

ኢንተርኔት የአንድ ድርጅት አይደለም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ኔትወርኮች ድምር ነው። እያንዳንዱ መለያ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም 24757፣ የፌስቡክ ደግሞ 32934 ነው። እነዚህን የሚያገናኘው ፕሮቶኮል ቢጂፒ ይባላል። እ.ኤ.አ በ1989 የሲስኮና የአይቢኤም መሐንዲሶች ምሳ ላይ ተቀምጠው በናፕኪን ላይ የነደፉት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኔትወርክ ለጎረቤቱ "እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ" ብሎ ያውጃል። ጎረቤት ለጎረቤት ያስተላልፋል። አዋጁ ከተነሳ አድራሻው ከዓለም ካርታ ላይ ይጠፋል።

ፌስቡክ የጠፋውም በዚሁ ነው። ኩባንያው እንደገለጸው በጥገና ወቅት የተሰጠ ትእዛዝ ዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኘውን የውስጥ መስመር በሙሉ አቋረጠው። ትእዛዙን ማስቆም የነበረበት መቆጣጠሪያም ጉድለት ነበረበት። የስም መዝገብ ሰርቨሮቹ ዳታ ሴንተሮቹን ሲያጡ "እኛ ጤነኛ አይደለንም" ብለው የቢጂፒ አዋጃቸውን አነሱ። የሠራተኞቹ የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው ስለተቋረጡ መሐንዲሶች በአካል መሄድ ነበረባቸው።

▪️ ችግሩ፦ ቢጂፒ ሰው ያምናል

ቢጂፒ ሲሠራ "የምትለው እውነት ነው ወይ?" ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም የፓኪስታን ቴሌኮም በሀገር ውስጥ ዩቲዩብን ለመዝጋት አንድ የተሳሳተ መንገድ አስገባ። አዋጁ ግን ድንበር ተሻግሮ ወጣ። ራውተሮች ሁልጊዜ ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን አድራሻ ስለሚመርጡ፣ የፓኪስታኑ አዋጅ ደግሞ ከዩቲዩብ ይበልጥ ዝርዝር ስለነበር፣ ከብዙ የዓለም ክፍል ወደ ዩቲዩብ የሚሄደው ትራፊክ ወደ ፓኪስታን ዞረ። ለ2 ሰዓት ገደማ ዩቲዩብ ለብዙዎች አልከፍት አለ።

ዛሬ አርፒኬአይ የሚባል ማረጋገጫ አለ። የአድራሻው ባለቤት "ይህን ማወጅ የሚችለው ይህ ኔትወርክ ብቻ ነው" ብሎ በዲጂታል ፊርማ ያስመዘግባል፤ በአፍሪካ ይህን የሚይዘው አፍሪኒክ ነው። ይሁንና የሚያረጋግጠው መነሻውን እንጂ ሙሉውን መንገድ አይደለም። ደግሞም የሚጠቅመው ኔትወርኮች ሲመዘግቡና ሲያጣሩ ነው።

▪️ የትራፊክ አስተዳደር ለምን አስፈለገ?

አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ጥሩው መንገድ አይደለም። ለምሳሌ በሁለት ከተሞች መካከል እያንዳንዳቸው 10 ጊጋቢት የሚችሉ ሁለት መስመሮች አሉ እንበል። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው። የሚተላለፈው 12 ጊጋቢት ቢሆን ፕሮቶኮሉ ሁሉንም ወደ አጭሩ ይጭነዋል። 2ቱ ይፈሳል፤ ረጅሙ መስመር ባዶውን ይቀመጣል። 7 እና 5 አድርጎ ማከፋፈል ነው መፍትሔው። መሐንዲሶች ይህን የሚያደርጉባቸው ዋና ዋና ዘዴዎች፦

1. የመስመሩን "ዋጋ" መቀየር፣ ወይም እኩል ዋጋ ባላቸው መስመሮች ላይ ማከፋፈል።
2. ኤምፒኤልኤስ፦ ፓኬቱ ላይ መለያ ለጥፎ አስቀድሞ በተመረጠ መንገድ መምራት።
3. በቢጂፒ ወደ ውጭ ለሚወጣው ትራፊክ ተመራጭ ጎረቤት መወሰን፤ ለሚገባው ደግሞ በማይፈለገው መስመር በኩል የራስን ቁጥር ደጋግሞ በመጻፍ መንገዱን ረጅም ማስመሰል።
4. መስመር ሲጨናነቅ ለድምፅ ጥሪና ለመሳሰሉት ቅድሚያ መስጠት።

ጎግል እ.ኤ.አ በ2013 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኘውን ትራፊክ ከማዕከል በማከፋፈል ብዙ መስመሮቹን ወደ 100 በመቶ በሚጠጋ አቅም እንደሚጠቀም ገልጿል።

▪️ ለእኛስ?

ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት ወደ ባሕር ሥር ኬብሎች የምትደርሰው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ኬብል ሲበጠስ ቢጂፒ ሌላ መንገድ ያገኛል፤ የአዲሱን መንገድ ስፋት ግን አይለካም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት አይጠፋም፤ ይንቀራፈፋል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር በርካታ ኬብሎች ሲበጠሱ ኩባንያዎች ትራፊካቸውን በሌላ በኩል ለማዞር ተገደዋል። በሁለት አቅጣጫ መውጫ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሸክሙን መቻል አለበት።

በቀጣይ ኢንተርኔት ሲያስቸግራችሁ ይህን አስታውሱ፦ አንድ አፕ ብቻ እምቢ ካለ ችግሩ ከአፑ በኩል ሊሆን ይችላል። የውጭ ድረ ገጾች ሁሉ አዝግመው የሀገር ውስጦቹ ደህና ከሆኑ የዓለም አቀፍ መውጫውን ጠርጥሩ። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፋ ግን መጀመሪያ የራሳችሁን ዋይፋይና ዳታ አረጋግጡ።