የሆቴል ክፍል ከአቅም በላይ መሸጥ

የሆቴል ክፍል ከአቅም በላይ መሸጥ ወይም ኦቨርቡኪንግ ማለት አንድ ሆቴል ለአንድ ሌሊት ካሉት ክፍሎች ለሚበልጡ እንግዶች ክፍል መያዝ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከፍሎ ማረጋገጫ የያዘ መንገደኛ በማያውቀው ከተማ እኩለ ሌሊት ላይ «ክፍል የለም» ሊባል ይችላል።

መነሻው

ብዙ ጊዜ ነገሩ ስህተት ሳይሆን ስሌት ነው። ክፍል ካስያዙት መካከል የተወሰኑት ሳይመጡ ይቀራሉ፤ ባዶውን ያደረ ክፍል ደግሞ በማግስቱ ተመልሶ አይሸጥም። ስለዚህ ለምሳሌ 100 ክፍል ያለው ሆቴል አራት ያህሉ እንደሚቀሩ ገምቶ 104 ሊሸጥ ይችላል።

ሌላው መነሻ ቴክኒካዊ ነው። ሆሊዴይ ኢን ሆሊዴክስ የተባለውን የራሱን የኮምፒውተር ማስያዣ ሥርዓት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ዛሬ አንዱ ክፍል በሆቴሉ ድረ ገጽ፣ በቡኪንግ ዶት ኮም፣ በኤክስፔዲያና በሌሎችም በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ይቀርባል። የቀረውን የክፍል ቁጥር በሁሉም ላይ የሚያስተካክለው ቻናል ማኔጀር የተባለ ሶፍትዌር ነው። ዳታቤዙ አንድ ቢሆን ኖሮ መዝገቡን ቆልፎ ሁለተኛውን ገዢ መመለስ ቀላል ነበር። የተለያዩ ኩባንያዎች ዳታቤዞች ግን የሚናበቡት መልእክት በመላላክ ስለሆነ፣ በመካከል ባለው አጭር ጊዜ የመጨረሻው ክፍል ሁለቴ ሊሸጥ ይችላል።

ክፍል ሲጠፋ

እንግዳን ወደ ሌላ ሆቴል መላክ በሙያው «ዎክ ማድረግ» ይባላል። ዕጣው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ዘግይቶ በሚደርስ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ በሚያድር ወይም በደላላ ድረ ገጽ በኩል በርካሽ በያዘ እንግዳ ላይ ነው። በልማድ ሆቴሉ ተመጣጣኝ ክፍል ፈልጎ የመጀመሪያውን ሌሊትና የታክሲውን ይከፍላል። መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት ይህንን፣ እንዲሁም ክፍል ያጣው በሆቴሉ ምክንያት መሆኑን በጽሑፍ ቢቀበል፣ በኋላ ገንዘቡን ከድረ ገጹ ወይም ካርዱን ከሰጠው ባንክ ለመጠየቅ ማስረጃ ይሆነዋል።

በሕግ በኩል የሆቴል እንግዳ ከአየር መንገደኛ ያነሰ ጥበቃ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ያለፈቃዱ ከበረራ ለተከለከለ መንገደኛ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ ይደነግጋል፤ ለብቻው ለተያዘ የሆቴል ክፍል ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም። በረራና ሆቴል በአንድ ጥቅል ሲገዛ የኅብረቱ መመሪያ 2015/2302 የጉዞ አዘጋጁን ተጠያቂ ያደርጋል።

ክፍል እያለ «የለም» መባል

ክፍሉ ሳይሸጥ ስሙ የማይገኝበት ጊዜም አለ። የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለው ምዝገባው በአባት፣ በአያት ወይም በራሱ በእንግዳው ስም ሊሆን ይችላል፤ በሦስቱም ማስፈለግ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። የድረ ገጹ የማረጋገጫ ቁጥርና የሆቴሉ የራሱ ቁጥርም ሊለያዩ ይችላሉ።

የሰዓት አቆጣጠርም ያሳስታል። በኢትዮጵያ አነጋገር «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» በውጭ አቆጣጠር ረቡዕ 1፡00 ነው። በዚህ ሰዓት የሚደርስ መንገደኛ ከረቡዕ ጀምሮ ካስያዘ፣ ክፍሉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነው፤ መያዝ የነበረበት የማክሰኞው ሌሊት ነው። የማክሰኞውን ይዞ መዘግየቱን ያላሳወቀም አደጋ አለበት፦ ሆቴሉ በሌሊት የዕለቱን ሂሳብ ሲዘጋ «አልመጣም» ብሎ መዝግቦት የቀሩትን ሌሊቶች ጭምር ሊሰርዝበት ይችላል።