ዘንዶዋ እንቁላሏን ስትታቀፍ

በእኛ ሰፈር እባብ ሲነሳ ቀድሞ የሚነሳው ዱላ ነው። ስለዚህ “ዘንዶን በሰው እጅ ማራባት እንዴት ተቻለ?” ብለን ስንጠይቅ የሚስቅብን ቢኖር አንፈርድበትም። ነገሩ ግን ከሳቅ በላይ ነው፤ ሊቃውንት የናቁት ወሬ እውነት ሆኖ የተገኘበት ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1830ዎቹ ላማር ፒኮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ከህንድ ተመልሶ “ሴቷ ዘንዶ እንቁላሏ ላይ ተጠምጥማ ትታቀፋለች፤ ሰውነቷም ይሞቃል” አለ። ማን ይመነው? እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይና ከመሬት እንጂ ከራሱ አይደለም ይባል ነበርና፣ የዘመኑ የእባብ ሊቅ ዱሜሪል ሳይቀሩ ወሬውን አጣጣሉት።

መልሱ የመጣው ከዚያችው ከፓሪስ ነው። በ1841 ዣርደን ደ ፕላንት በተባለው ግቢ የምትኖር የበርማ ዘንዶ 15 እንቁላል ጥላ ተጠመጠመችበት። ቫለንሲየን የተባለው ተመራማሪ ቴርሞሜትር ይዞ ግንቦትንና ሰኔን ተከታተላት። እውነትም ከአካባቢዋ ይልቅ ትሞቅ ነበር! ሁለት ወር ሊሞላ ሲል 8 ግልገሎች ተፈለፈሉ።

ታዲያ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1862 ለንደን መካነ አራዊት ውስጥ የአፍሪካ ዘንዶ፣ በአገራችንም ያለው ዓይነት፣ ወደ 100 የሚጠጋ እንቁላል ጣለች። እሷም ታቀፈች፤ አንድም አልተፈለፈለም። መታቀፏን ማወቅና ማራባት ለየቅል ናቸው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1966 የኒውዮርክ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ዘንዶዋ ጡንቻዋን በየጊዜው እያኮማተረች፣ እኛ ሲበርደን እንደምንንቀጠቀጠው ማለት ነው፣ ከአካባቢዋ እስከ 4.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትሞቃለች። ብርዱ ሲጨምር መኮማተሩም ይጨምራል።

አርቢዎች የእናቲቱን ሥራ ለማሽን ሰጡት። ከመራቢያው ወቅት በፊት ሌሊቱን ቀዝቀዝ ያደርጉላቸዋል፤ እንቁላሉን ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ገደማ ያቆዩታል። ከደረቀ ይጨማደዳል፤ ውሃ ከበዛበት ይሻግታል። እንደ ዶሮ እንቁላልም አይገላበጥም፤ ከተገላበጠ ጽንሱ ሊሞት ይችላል።

እንዲህ እየተባለ ማራባቱ ቀለለ። ቀለለና ምን ሆነ? ለቤት እንስሳነት የተሸጠው የበርማ ዘንዶ አምልጦም ተለቆም ፍሎሪዳ ረግረግ ገባ። በ2000 እዚያ እየተራባ መሆኑ ታወቀ፤ የአገሩን አጥቢ እንስሳትም ፈጃቸው። አሜሪካ ወደ አገር ማስገባቱን የከለከለችው በ2012 ነው፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው።

እኛ የምንለው፣ ማራባት ተሳካ የሚባለው እንቁላሉ ሲፈለፈል ብቻ አይደለም። ግልገሉ አድጎ 5 ሜትር ሲሆን የት እንደሚኖር አስቀድሞ ያሰበ አርቢ ሲኖር ነው። እናቲቱ ሁለት ወር ሙሉ ጠብቃዋለች፤ የተረከባት ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ መጠበቅ አለበት።