«ሕገ ወጥ ተግባር ተፈጽሟል»፦ የአሮጌው ኮምፒውተር ስህተትና የጠፉ የመሰሉን ጽሑፎች

በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮምፒውተር በስደት ወደሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ሲገባ፣ አንድ አስደንጋጭ ዐረፍተ ነገርም አብሮት ገባ። ፕሮግራሙ «ሕገ ወጥ ተግባር» ስለ ፈጸመ እንደሚዘጋ የሚያስታውቅ መልእክት ነበር። መሐንዲሶቹ በዚህ አነጋገር ፕሮግራሙ ያልተፈቀደ ትእዛዝ ሰጠ፣ ወይም የእርሱ ባልሆነ የሜሞሪ ክፍል ውስጥ እጁን አስገባ ማለታቸው ነበር። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ቃል በመሐንዲስ ጆሮ አይሰማውም። አንድ ወዳጄ መልእክቱን ባየበት ምሽት ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ ለሁለት ቀን ዞር ብሎ እንዳላየው አጫውቶኛል።

የዚያን ስህተት ታሪክ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ማሽኑ ብዬ ብቻ አይደለም። የስደታችን ጽሑፍ አንድ ክፍል በእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የማኅበራት ቃለ ጉባኤ፣ የአብያተ ክርስቲያናት መተዳደሪያ ደንብ፣ የቀድሞ ወታደሮችና የቀድሞ እስረኞች ትዝታ፣ ተጀምሮ ያላለቀ ልብ ወለድ። ከእነዚህ ብዙዎቹ «ኮምፒውተሩ በላቸው» ተብሎላቸው ተዘንግተዋል። እኔ እንደምገምተው ግን አብዛኞቹን ያጠፋቸው ስህተቱ ሳይሆን ጥገናው ነው፤ ከእነዚያም የማይናቁት ጭራሹን አልጠፉም።

ለመሆኑ ስህተቱ ለምን ይመላለስ ነበር? የመጀመሪያው መልስ የንግድ ውሳኔ ታሪክ ነው። ኢንቴል በ1985 ያወጣው 80386 የተባለው ፕሮሰሰር እያንዳንዱን ፕሮግራም በየራሱ አጥር ከልሎ አንዱ የሌላውን ሜሞሪ እንዳይደፍር ለማድረግ የሚበቃ አቅም ነበረው። ማይክሮሶፍት በ1993 በተለይ ለመሥሪያ ቤቶች ያቀረበው ዊንዶውስ ኤንቲ በዚህ አጥር በሚገባ ተጠቅሟል። ለቤት የተሸጡት ዊንዶውስ 95ና 98 ግን፣ ደንበኛው ቀድሞ የገዛቸው የዶስ ዘመን ፕሮግራሞች ይሠሩለት ዘንድ አጥሩን በብዙ ቦታ ክፍት ትተውታል። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም ሲሳሳት ቤቱን ሁሉ ይዞ ይወድቅ ነበር። በኤፕሪል 1998 ቺካጎ ላይ በተደረገው የኮምዴክስ ትርኢት፣ ቢል ጌትስ በመድረክ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የሥራ ባልደረባው ስካነር ቢሰካበት ዊንዶውስ 98 በተሰብሳቢው ፊት ያንን የታወቀ ሰማያዊ ገጽ አወጣ። በጁን ወር ግን ያው ዊንዶውስ 98 ገበያ ላይ ዋለ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመኝ በ1999 የተገለጠው ጉድ ነው። ማሽኑ ከበራ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ የሚቆጥረው መዝገብ 32 ቢት ብቻ በመሆኑ፣ ከ49.7 ቀን በኋላ ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ሊደርቅ ይችላል። ዊንዶውስ 95 የወጣው በኦገስት 1995 ነው። ጉድለቱ ይህን ያህል ዓመት ተሸሽጎ ሊኖር የቻለው፣ አርባ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳይወድቅ የሚቆይ የቤት ኮምፒውተር እምብዛም ስላልነበረ ይመስለኛል። «ሜሞሪ አነሰ» የሚለውም ስሞታ እንዲሁ አሳሳች ነበር። ዊንዶውስ 98 ከ512 ሜጋ ባይት በላይ ሜሞሪ ሲጨመርለት፣ በዝቶለት ሳለ አነሰኝ የሚልበት ጊዜ ነበር። የወር ደመወዙን ቆጥቦ ሜሞሪ የገዛ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይበል?

ሁለተኛው ምክንያት ከብረቱ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲሠራ ለየስምንቱ ቢት አንድ ዘጠነኛ ቢት መድቦ ነበር። ሥራው ጥበቃ ነው፤ ከስምንቱ አንዱ ቢገለበጥ ማሽኑ ይህን ዐውቆ ይቆማል። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። በ1978 ሁለት የኢንቴል ተመራማሪዎች፣ የሜሞሪ ቺፕ በሚታሸግበት ሴራሚክ ውስጥ ያለ እጅግ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም የሚረጨው የአልፋ ቅንጣት ቢትን ሊገለብጥ እንደሚችል አሳይተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ዘጠነኛው ቢት ከአብዛኞቹ የቤት ኮምፒውተሮች ተነሣ። ብራና ሲገለበጥ አጠገብ ተቀምጦ ቅጂውን ከዋናው ጋር የሚያስተያየውን ሰው አሰናብቶ ገልባጩን ብቻውን እንደ መተው ነው። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሜሞሪ ስህተቱን በዝምታ ወደ ፕሮግራሙ ወይም ወደ ጽሑፉ ያሳልፈው ጀመር።

ልምድ ያላቸው ጠጋኞች ሁለቱን ምክንያቶች የሚለዩበት ዘዴ ነበራቸው። ስህተቱ ሁልጊዜ በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ ሥራ ላይ የሚመላለስ ከሆነ ጥርጣሬው በፕሮግራሙ ወይም አታሚውንና ስካነሩን በሚያሠራው ድራይቨር ላይ ይወድቃል። ዛሬ በአንድ ስም፣ ነገ በሌላ ስም የሚመጣ ከሆነ ግን ሜሞሪው ይጠረጠራል፤ ከ1994 ጀምሮ ይሠራጭ የነበረውን ሜምቴስት 86 የተባለ መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ነው። ከ1999 በኋላ በተሠሩት ማሽኖች ላይ ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ ነበር፤ በማዘርቦርዱ ላይ የተተከሉት ካፓሲተሮች ራሳቸው አብጦ፣ አንዳንዴም ፈሳሽ አውጥተው ይገኛሉ።

የታሪክ ጸሐፊን በተለይ የሚመለከት አንድ ትንሽ ነገር አለ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ሰዓቱ ይጠፋና በብዙ ማሽኖች ቀኑ ወደ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1980 ይመለሳል፤ የዶስ የቀን አቆጣጠር መነሻ ያ ነውና። ስለዚህ «1980» የሚል ቀን የታተመበት የአማርኛ ፋይል ሲገኝ በደርግ ዘመን ተጻፈ ብሎ መደምደም አይገባም። የባትሪዋን ሞት እንጂ የጽሑፉን ልደት አይነግረንም።

እንግዲህ ወደ ጥገናው እንምጣ። በየከተማው ኮምፒውተር ይችላል የሚባል አንድ ወጣት አይታጣም ነበር። ሰማያዊው ገጽ ሦስትና አራት ጊዜ ከተመላለሰ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ፎርማት ማድረግ፤ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። አዛውንቱ «ልጄ፣ ጽሑፌን ብቻ አደራ» ይላሉ። ወጣቱም «አይጠፋም ጋሼ፣ በፍሎፒ ገልብጬዋለሁ» ይላል። ቃሉንም ይጠብቃል፤ ፋይሉ በእርግጥ ተገልብጧል። ማሽኑ ታድሶ ፋይሉ ሲከፈት ግን በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። «ተበላሽቷል፤ ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይባላል፤ ያ ሁሉ ገጽም ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ፋይሉ ግን አልተበላሸም። የዚያ ዘመን የግዕዝ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ባለው ሰንጠረዥ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ አንዳንዱ ቦታ ለማሽኑ ሥራ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ 20ው አኃዞችና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሰንጠረዡ አይበቃም። ስለዚህ ብዙዎቹ አዘጋጆች ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱም አዘጋጅ በየራሱ ሥርዓት ደረደረው። በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የቦታ ቁጥር እንጂ ፊደሉ አይደለም፤ ቁጥሩን «ሀ» ወይም «ለ» የሚያሰኘው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ደግሞ በዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ስለ ነበር፣ ዲስኩ ሲጠረግ አብሮ ተጠረገ። ጽሑፉን በፍሎፒ የገለበጠው ወጣት መክፈቻውን ቤቱ ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ያህል ነው፤ ይህንንም ያስጠነቀቀው አልነበረም።

ዩኒኮድ በ1999 በሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን ተቀብሎ ለእያንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ወደ ቤት ተጠቃሚዎች ሲደርስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 98ን ድጋፍ ያቋረጠው ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በጁላይ 2006 ነበር። በእነዚህ ዓመታት መካከል ብዙ አሮጌ ማሽን ወደ ምድር ቤት ወርዷል፤ ብዙውም ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄዷል።

የቀረውን ለማዳን ማሽኑን ደጋግሞ ማብራትም ሆነ ማደስ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሁለቱም ጎጂ ናቸው። ባለ 40 መርፌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ በኩል ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝና ሁሉንም መገልበጥ ይበቃል፤ የዚያ ዘመን የፋይል አደረጃጀት ዛሬም ይነበባል። ከጽሑፉ እኩል መፈለግ ያለበት ግን የፎንቶች አቃፊ ነው። እርሱ ከተገኘ፣ የቦታ ቁጥሮቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ትዕግሥት እንጂ ምርምር አይጠይቅም።

ባለፉት ዓመታት ካየኋቸው አንዱ የእድር ቃለ ጉባኤ ነው። የተገኘው «የተበላሸ» ተብሎ በእጅ የተጻፈበት ፍሎፒ ላይ ሲሆን የፋይሉ ቀን ጃኑዋሪ 1 ቀን 1980 ይላል። የመጀመሪያው ፎንት ከሌላ አባል አሮጌ ዲስክ ውስጥ ተገኘና ሲከፈት፣ ስብሰባው የተደረገው በጥቅምት 1990 ዓ.ም. መሆኑ ከጽሑፉ ውስጥ ተነበበ። ጉዳዩ የአንድ ሟች አባል አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚላክበትን ገንዘብ ማዋጣት ነበር። የአዋጪዎቹ ስም ሁሉ ይነበባል። ጸሐፊዋ ገንዘቡን በግዕዝ አኃዝ መመዝገብ ይወዱ ስለ ነበር ግን፣ አኃዞቹ ከዲቃላ ፊደላቱ ጋር በሁለተኛው ፎንት ላይ ነበሩ፤ ያ ደግሞ አልተገኘም። ድምሩ በፊደል ጭምር በመጻፉ ከእርሱ ተነሥተን አብዛኞቹን አኃዞች ፈትተናል። ሁለት ምልክቶች ቀርተውናል።