ባሕር የበላው አስፋልት፣ ሳይክል የወረሰው መንገድ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አሳቲግ በምትባል ደሴት ላይ የትም የማያደርስ አስፋልት አለ። አሸዋው መሃል ድንገት ብቅ ይላል። ጥቂት እርምጃ ይሄድና ጠርዙ እንደ ደረቀ ዳቦ ተቆራርሶ ተመልሶ አሸዋ ውስጥ ይገባል። ድሮ ስም ነበረው፤ ባልቲሞር ቡሌቫርድ ይባል ነበር። ቡሌቫርድ እንግዲህ! አሁን የሚመላለስበት ፈረስና ንፋስ ነው።

በዚያችው ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ደግሞ ሌላ አስፋልት አለ። ይኼኛው ደህና ነው። አንድ ትልቅ ኩሬ ዞሮ ወደ ተነሳበት የሚመለስ፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት (በነሱ አቆጣጠር 3 ሰዓት) መኪና ዝር አይልበትም። ሳይክል የያዘና በእግሩ የሚሄድ ብቻ ነው የሚገባው። ዳገት የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ከኋላህ መጥቶ ክርንህን የሚገጭ ሚኒባስ የለ። የራስህን ካቴና ድምፅ ትሰማለህ። ካቆምክ ደግሞ ረግረጉ ውስጥ ቆመው ዓሣ የሚጠብቁትን ነጫጭ ሳቢሳዎች ታያለህ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ተፈጥሮ እንዲህ ናት፣ ካልነኳት ጸጥ ትላለች» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጸጥታው ታሪክ አለው፤ ታሪኩም በአብዛኛው የጭቅጭቅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሳቲግ ከዋናው የብስ ፊት ለፊት እንደ አጥር የተዘረጋች ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት። ርዝመቷ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰሜኗ የሜሪላንድ፣ ደቡቧ የቨርጂኒያ ነው። በሷና በየብሱ መካከል ቺንኮቲግ የምትባል ትንሽ ደሴትና ከተማ አለች። የዓሣ አጥማጆችና የኦይስተር ነጋዴዎች መንደር ነበረች። ከየብስ ጋር በመንገድ የተገናኘችው በ1922 ነው፤ እስከዚያ ድረስ መኪና ለቺንኮቲግ ሰው የሩቅ ወሬ ነበር ማለት ይቻላል።

የዱር እንስሳት መጠለያው የተቋቋመው በ1943 ነው። ዓለም በጦርነት እየነደደ የአሜሪካ መንግሥት ለዝይ መሬት ይገዛ ነበር። ለማንም ዝይ ሳይሆን፣ በጋውን አርክቲክ ከርመው ክረምቱን እዚህ ለሚያሳልፉት ነጫጭ ዝይዎች ነው። በጣም የወደድኩት ግን የገንዘቡን ምንጭ ነው። በ1934 የወጣ ሕግ አለ፤ ዳክዬና ዝይ የሚያድን ሰው ሁሉ በየዓመቱ አንድ ቴምብር እንዲገዛ ያስገድዳል። ገንዘቡ ረግረግ መሬት ይገዛበታል። የመጀመሪያው ቴምብር ዋጋ 1 ዶላር ነበር። ሥዕሉን የሣለው ዲንግ ዳርሊንግ የሚባል የጋዜጣ ካርቱኒስት ሲሆን፣ በወቅቱ የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚመራው የመንግሥት ቢሮ ኃላፊም እሱው ነበር። የቺንኮቲግ መጠለያ የተገዛው በዚህ የቴምብር ገንዘብ ነው። ማለትም ዛሬ ሳይክል እየነዳህ የምታየውን ወፍ መሬት የገዙለት፣ ወፍ ሊተኩሱ የወጡ ሰዎች ናቸው።

ኩሬዎቹም ቢሆኑ እግዜር እንደፈጠራቸው የተቀመጡ አይደሉም። የአፈር ክትር ተሠርቶ፣ የዝናብ ውኃ እንዲጠራቀምባቸው የተደረጉ ናቸው። ለክረምት ዳክዬና ዝይ ይሞላሉ፤ ጭቃ ውስጥ የሚለቅሙ የባሕር ዳር ወፎች ሲመጡ ደግሞ ይጎድላሉ። መንገዱ የሚዞረው የነጭ ዝይ ኩሬ የሚባለውን ነው።

ፈረሶቹን ካላነሳሁ የቺንኮቲግ ሰው ይቀየመኛል። አሳቲግ ላይ ቁመታቸው አጠር ያለ ፈረሶች እንደ ዱር እንስሳ ይኖራሉ። አፈ ታሪኩ «ከሰጠመ የስጳኝ መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው» ይላል። ሰነድ የሚወዱቱ ደግሞ «የለም፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬዎች ከግብርና ከአጥር ሕግ ለማምለጥ ደሴቷ ላይ የለቀቋቸው ናቸው» ይላሉ። ክርክሩ የተዘጋ ሲመስል በ2022 አንድ ጥናት ወጣ። ሄይቲ ውስጥ ከነበረ የስጳኝ ሰፈር የተገኘ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረስ ጥርስ ዘረመል ሲመረመር፣ በሕይወት ካሉት ፈረሶች ሁሉ የቅርብ ዘመዶቹ የቺንኮቲግ ፈረሶች ሆነው ተገኙ። ይህ መርከቧን እውነት አያደርጋትም፤ ግን የተረት ነጋሪዎቹን ሞራል አንስቷል።

ከተማዋ በ1920 እና በ1924 ክፉኛ ተቃጥላ ነበር። ሰዎቹ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ቡድን አቋቋሙና ለመሣሪያ መግዣ ውርንጭላ መሸጥ ጀመሩ። እስከ ዛሬ፣ በየዓመቱ ሐምሌ ወር የመጨረሻው ረቡዕ ላይ ፈረሶቹ ከአሳቲግ ወደ ቺንኮቲግ በዋና ይሻገራሉ፤ ሐሙስ ውርንጭሎቹ በጨረታ ይሸጣሉ፤ አርብ የቀሩት በዋና ይመለሳሉ። በ1947 በታተመው የማርጌሪት ሄንሪ የልጆች መጽሐፍ ሚስቲ የምትባለው ፈረስ ስሟ ገነነ፤ ቱሪስትም በገፍ መጣ።

ቱሪስት ሲመጣ ደላላ አይቀርም። በ1952 የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ተከፈተ። ከባልቲሞርና ከዋሽንግተን ወደ ውቅያኖሱ መሄድ ቀላል ሆነ። በሜሪላንዱ የአሳቲግ ክፍል «ኦሽን ቢች» የሚባል ከተማ ታቀደ፤ 5,000 ገደማ ቦታ ተሸንሽኖ ለግለሰቦች ተሸጠ። ለዚህ ሁሉ ቦታ መዳረሻ የሚሆን 24 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ተነጠፈ። ባልቲሞር ቡሌቫርድ ማለት እሱ ነው።

መጋቢት 1962 የምዕራባውያን ዐቢይ ጾም በሚጀምርበት ረቡዕ ዕለት የከፋ ማዕበል መታ። የመጣው ማዕበል አንድ ቀን አውርቶ የሚሄድ አልነበረም። ባሕሩ አምስት ጊዜ ሲሞላ አምስቱንም ጊዜ እየገፋ ደሴቷን አቋርጦ አለፈ። ከተሠሩት ጥቂት ቤቶች አብዛኞቹ ፈረሱ፣ አስፋልቱ ተቀዳደደ፣ የተቀረው ተቀበረ። ቺንኮቲግ ከተማም በውኃ ተጥለቀለቀች፤ ብዙ ፈረሶች ሞቱ። ሚስቲ ግን ነፍሰ ጡር ነበረችና ባለቤቶቿ ማድቤት ውስጥ አስገብተው አተረፏት። በዚያው ዓመት ደግሞ ከቺንኮቲግ ወደ አሳቲግ የሚያሻግር ድልድይ ተመረቀ። በሰሜን መንገድ ተበላ፣ በደቡብ መንገድ ተከፈተ።

ታሪኩን ሲያወሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ተፈጥሮ ቀጣች፣ ሰው ተማረ፣ አለቀ ይላሉ። አላለቀም።

በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አሳቲግን ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ያደረገውን ሕግ ፈረሙ። የተሸነሸነው መሬት በመንግሥት ተገዝቶ ተመለሰ። ጥሩ። ነገር ግን ሕጉን ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ካነበባችሁት፣ የቨርጂኒያውን ድልድይ ከሜሪላንዱ ድልድይ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ለማደሪያና ለመስተንግዶ የሚሆን ቦታም ያስቀምጣል። ማዕበሉ ካለፈ ገና ሦስት ዓመቱ ነው! ባሕሩ አስፋልት ሲበላ ያየ ትውልድ፣ እዚያው አሸዋ ላይ ሌላ አስፋልት አዘዘ። ያ መንገድ ቢሠራ ኖሮ በመጠለያው በኩል ያልፍ ነበር። የዛሬው የሳይክል ዙርም ከአውራ ጎዳና ሥር የሚገኝ ማቆሚያ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

መንገዱን ያስቀረው ማዕበል አልነበረም። በ1970 ጁዲት ጆንሰን የምትባል ሴት «አሳቲግን ለመጠበቅ» የሚል ኮሚቴ አቋቋመች። ሥራው ምንም የሚያዝናና ነገር የለውም፤ ስብሰባ፣ ደብዳቤ፣ ምስክርነት፣ ደግሞ ስብሰባ። በ1976 ኮንግረሱ ሕጉን አሻሽሎ የመንገዱንና የማደሪያውን አንቀጽ ሰረዘ። ዛሬ ከደሴቷ ደቡብ ወደ ሰሜኗ በመኪና ልሂድ ያለ ሰው ወደ የብስ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በሌላ ድልድይ መግባት አለበት። ዲሲ ያለ አንድ ወዳጄ በዚህ ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲነጫነጭ ሰምቻለሁ። «አንድ ደሴት አይደለም እንዴ?» ይላል። ነው። ለዚህም ነው ሳይክሉን ያወረደው።

ከቺንኮቲግ ከተማ ሳይክል ተከራይቶ፣ ድልድዩን አልፎ መግባት ይቻላል። ባለመኪና መግቢያ ይከፍላል፣ ሳይክል ነጂና እግረኛ አይከፍልም። ከዙሩ ሌላ በጥድ ጫካ ውስጥ የሚሄድ መንገድ አለ፤ ፈረሶቹ ሲግጡ ከሩቅ ይታዩበታል። ሌላው እስከ ውቅያኖሱ ዳር ያደርሳል። የወባ ትንኝ ዘመድ የሆነ ሁሉ በበጋ ጫካው ውስጥ ስለሚሰበሰብ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ይመከራል። ስኩዊረል ካያችሁ አትናቁት። የዴልማርቫ ስኩዊረል በ1967 ሊጠፉ ነው ተብለው ከተመዘገቡት እንስሳት አንዱ ነበር፤ ከዚህ መዝገብ የወጣው በ2015 ነው።

ጭቅጭቁም አልሞተም። ባሕሩ የመዋኛውን ዳርቻ የመኪና ማቆሚያ በየማዕበሉ እየበላ ነው፤ በየጊዜውም ይታደሳል። በ2015 የወጣው የመጠለያው ዕቅድ የሕዝቡ መዋኛ 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይዛወር አለ። ከዚያ በፊት ለዓመታት «መኪናው ከከተማ ይቁምና ሰዉ በአውቶቡስ ይመላለስ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ከተማው አበደ። አልፈርድባቸውም። ሦስት ልጅ፣ ጃንጥላና የምግብ ሣጥን ይዞ አውቶቡስ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ነው፤ ሆቴልና ምግብ ቤቱም የሚኖረው በነዚህ ሰዎች ነው። ደሴቷ ግን ማንንም አትጠብቅም፤ አሸዋዋ በየማዕበሉ ወደ ምዕራብ እየተንከባለለ ወደ የብሱ ትጠጋለች።

ባለፈው ሦስተኛውን ዙር ስጨርስ ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። በሩ ላይ መኪኖች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፈረሶቹን አየህ?» አለኝ። አላየሁም ነበር። ዝይ ግን ሞልቷል አልኩት።