መዝገቡ በማን እጅ ነው? ተቃዋሚ ፓርቲና የፎገራ ገበሬ

የኢትዮጵያ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ታሪክ ሲተረክ ትረካው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ አይወጣም። በ1986 ዓ.ም. የተፈረደባቸው የመአሕድ መሪ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ በ1998 ዓ.ም. ከያሉበት ተለቅመው የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች፣ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈትተው በ2001 ዓ.ም. ዳግም ወደ ቃሊቲ እስር ቤት የተመለሱት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይነሣሉ። ይህ ሁሉ የተፈጸመ ነው፤ መነገርም አለበት። ነገር ግን አብዛኛው መራጭ ገበሬ በሆነበት አገር የተቃዋሚ ዕጣ በችሎት ብቻ አልተወሰነም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይገነጠላል፤ በዙሪያውም ጉማራና ርብ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳርቻ ተዘርግቷል። እንዲህ ባለ ስፍራ ተቃዋሚን ያደከመው ከፖሊስ ይልቅ መዝገብ ነው። መሬትን፣ ማዳበሪያንና ብድርን የሚመዘግበው እጅ የፓርቲ አባልንም ሲመዘግብ፣ ተቃውሞ ገና የምርጫ ካርድ ሳይወሰድ የኑሮ አደጋ ይሆናል።

ይህን አሠራር ከደርግ በኋላ የገዛው ኢሕአዴግ ከባዶ አልፈጠረውም። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን በአዋጅ ሲወርስ ገበሬውን ከጭሰኝነት አወጣው፤ በዚያው ልክ ግን የመሬት ድልድሉን፣ የአካባቢ ዳኝነቱን፣ ኋላም የእህል ኮታውን በገበሬ ማኅበር እጅ አደረገ። ሕጋዊ ተቃዋሚ ፓርቲ በሌለበት ዘመን፣ የደርግ ተቃዋሚዎቹ ኢሕአፓና ኢዲዩ በጎንደር ገጠር ሲታደኑ፣ ማኅበሩ የማረሻም የመንግሥትም ክንድ ነበር። ዛሬ የፎገራ መታወቂያ የሆነው ሩዝ ሳይቀር በዚሁ በር ነው የገባው፦ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል። በ1979 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የደርግን ፓርቲ ኢሠፓን የአገሪቱ መሪ ፓርቲ አድርጎ ሲደነግግ፣ በቀበሌ ደረጃ የነበረውን እውነታ በጽሑፍ አሰፈረ ማለት ይቻላል።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የፓርቲዎች መደራጀት ተፈቀደ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መብቱን አጸና። መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀረ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በግልጽ ታየ። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ገበሬው በኑሮው መጠን ብቻ ሳይሆን በፖለቲካ ታሪኩም ተከፋፈለ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት»፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ባለርስቶች ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት» ተባሉ፤ ይዞታቸውም በአራት ጥማድ፣ ማለትም በአንድ ሄክታር ገደማ፣ ተገደበ። ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ሽግሽጉ መሬት ላልነበራቸው ወጣቶች መሬት ማስገኘቱ አይካድም። ሆኖም ትምህርቱ ለሁሉም ደርሷል፤ ትናንት የያዝከው የፖለቲካ ስፍራ ዛሬ ማሳህን ሊያሳጥረው ይችላል።

ከመሬት ቀጥሎ ያለው ግብዓት ነው። በ1990ዎቹ በክልሉ ማዳበሪያ ከሚያከፋፍሉት ዋነኞቹ አንዱ አምባሰል የተባለው፣ ከክልሉ ገዥ ፓርቲ ከብአዴን ጋር የተሳሰረው የጥረት ድርጅቶች አባል ነበር። የገጠሩን ብድር በአብዛኛው የያዘው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር። ዕዳ የሚያስከፍሉት ደግሞ የቀበሌ አመራሮች ነበሩ። ሻጩ፣ አበዳሪውና ዕዳ ሰብሳቢው እንዲህ ሲቀራረቡ የተቃዋሚ አባል ለመሆን የሚያስብ ገበሬ መጪውን ክረምት ማሰቡ አይቀርም። የዘር ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም፤ ማዳበሪያ ለሁለት ሳምንት የዘገየበት ሰው የአንድ ዓመት እህል ሊጎድልበት ይችላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች የተቃዋሚ ደጋፊዎች ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር እንደተከለከሉ መስክረዋል ብሏል። መንግሥት ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ለጋሾችም በየፕሮግራሙ የቁጥጥር ሥርዓት መኖሩን ጠቅሰው ተከራከሩ። ሰነድ ላይ ያለ ቁጥጥር ግን ቅሬታ ሰሚው ራሱ ተከሳሹ ቀበሌ ከሆነ ለገበሬው የሚፈይደው ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የ1997ቱ ምርጫ ነው። መዝገቡ ይህን ያህል ኃይል ካለው ቅንጅት በአማራ ክልል ገጠር ጭምር ያን ያህል ድምፅ እንዴት አገኘ? መልሱ ከምርጫው በኋላ በተደረገው ነገር ውስጥ ይገኛል። ገዥው ፓርቲ የተማረው ገበሬው በምስጢር ድምፅ ሊከዳው እንደሚችል ነው፤ ስለዚህ መረቡን አጠበቀው። የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ ሦስት መቶ እንዲደርስ ተደረገ፣ የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሚሊዮኖች ዘለለ፣ በገጠር የልማት ቡድንና አምስት ሰዎችን በአንድ መሪ ሥር የሚያደራጀው አንድ ለአምስት ተዘረጋ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ተቃዋሚዎች በጣት የሚቆጠር ብቻ አገኙ፤ የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው ኅብረት ዕጩዎቼ እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ ብሎ ቀድሞ ራሱን አግልሎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ወሰዱ። የፎገራ ገበሬ በአምስት ዓመት ውስጥ ሐሳቡን እንዲህ ገልብጦ ቀየረ ከማለት፣ የምርጫው ዋጋ ተወደደበት ማለት ይቀላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተቃዋሚዎችን ራሳቸውን ይወቅሳል፦ እርስ በርስ ተናከሱ፣ ከከተማ አልወጡም፣ ለገበሬ የሚሆን ፖሊሲ አልነበራቸውም። ወቀሳው መሠረት አለው፤ የቅንጅት መሪዎች ገና ከእስር ሳይወጡ ጀምሮ የተካረረው መለያየት የማንም ሤራ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን መንግሥት ከስንጥቁ ዳር ቆሞ አልተመለከተም። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠ፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ደግሞ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው የተቃዋሚ ፓርቲዎቹን የአንድነትንና የመኢአድን አመራር ለሌሎች ቡድኖች አጸደቀ። ገበሬው የለመደው ስም በአዲስ አበባ ውሳኔ ባለቤቱን ሲቀይር፣ በወረዳ ደረጃ ዓመታት የፈጀ የአባላት ምልመላ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

ሦስተኛው ልማትን ይጠቅሳል፤ ፎገራ በሩዝ የበለጸገው በዚሁ ሥርዓት ነው ይላል። ሩዙ ግን ኅብረት ሥራዎቹ ከፈረሱም በኋላ ተስፋፍቷል። ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ሰብል ያደረገው የገበሬው ስሌት፣ የወረታ ሩዝ ፈልፋዮችና ገበያው ናቸው። የግብርና ባለሙያውም ድርሻ አለው፤ ምክሩ የሚሠራው ግን ገበሬው ለማሳው ይበጃል ብሎ ሲቀበለው ነው፣ የታማኝነት መለኪያ ሲሆን አይደለም።

ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና ከመጣ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) አምስት የፓርላማ ወንበር አግኝቷል፤ ከ2007ቱ ዜሮ ጋር ሲነጻጸር ለውጥ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጠብመንጃም የክርክሩን ቦታ ያዘ። ግጭቱ ብዙ ምክንያቶች አሉት። ሆኖም በቀበሌው ውስጥ ያለ ስጋት ተቃዋሚ መሆን ያልቻለ ሕዝብ ቅሬታውን የሚያሰማበት ሰላማዊ መንገድ እየጠበበበት መሄዱን ከምክንያቶቹ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የሚቀጥለው ማንኛውም ምርጫ በታዛቢዎች ብዛት ብቻ አይመዘንም። መጀመሪያ የሚታየው የማዳበሪያው ወረፋ፣ የብድሩ ኮሚቴና የይዞታ ደብተሩ ከፓርቲ ሰዎች እጅ መውጣታቸው፣ የገበሬውንም አቤቱታ ከቀበሌው ውጭ የሚሰማ አካል መኖሩ ነው። ያ ካልሆነ አዲስ የምርጫ ሕግ ቢወጣም የድሮው መዝገብ ይሽረዋል።