የመንገደኛ ውኃና የዕቃው ጠረን



መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ ከስንቁ አስቀድሞ ሊያስብለት የሚገባው ነገር ውኃ ነው። የተራበ ሰው ቀን እየቈጠረ ሊሰነብት ይችላል፤ የተጠማ ሰው ግን ፀሐይ በጸናችበት ቆላ ሦስተኛውን ቀን ማየቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ውኃን ከምንጩ አርቆ የሚወስድበትን ዕቃ ለማግኘት ብዙ ደክሟል። ዳሩ ግን ዕቃውን ባገኘ ጊዜ ሌላ ችግር ገጠመው። ይኸውም ውኃ የዋለበትንና ያደረበትን ዕቃ ጠረን የሚቀበል መሆኑ ነው። በቆዳ ያደረ ውኃ ቆዳ ቆዳ ይላል፤ በእንጨት የሰነበተ እንጨት እንጨት ይላል፤ በላስቲክ የዋለም ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል።

ዛሬ የምናቀርበው ታሪክ የዚህ የጠረን ታሪክ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ጠረኑን የጠላውን ውኃ እስኪበቃው አይጠጣም፤ እስኪበቃው ያልጠጣ መንገደኛም ውኃ በጀርባው ተሸክሞ በጥም ይወድቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋራ በእግር ወደ እንጦጦ ስንወጣ በጀርባ የሚታዘልና በቀጭን ቱቦ የሚጠባ የላስቲክ የውኃ ከረጢት ይዤ ነበር። ከአንድ ወር በፊት ሎሚና ስኳር በጥብጬበት ሳላጥበው ጠቅልዬ አስቀምጬው ኖሯል። የተራራው ወገብ ላይ ደርሼ አንድ ጊዜ ብስበው የሻገተ ጭቃ የጐረስሁ መሰለኝ። ውኃውን ደፍቼ የቀረውን መንገድ ከሰው እየለመንሁ ጨረስሁ። ማታ ለእናቴ ባጫውታት፥ «ልጄ፥ እንስራ እንኳ ታጥቦ አፉን ተደፍቶ ነው የሚያድረው፤ አንተ የውኃ ዕቃህን እንደ እድፋም ልብስ ጠቅልለህ ታስቀምጣለህን?» አለችኝ። ነገሩን ባሰላሰልሁ ቍጥር እናቴ በአንድ ቃል የተናገረችው የብዙ ሺህ ዓመት ትምህርት መሆኑን ተረዳሁ።

ከጥንታውያኑ የመንገድ ውኃ ዕቃዎች ዋና ዋናዎቹ ቅል፥ የሰጐን እንቍላልና የእንስሳ ቆዳ ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም አጋርን ሲያሰናብታት እንጀራና የውኃ አቁማዳ እንዳሸከማት፥ ውኃውም በምድረ በዳ ባለቀ ጊዜ ልጅዋን ከቍጥቋጦ ሥር ጥላ እንዳለቀሰች ተጽፏል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ደግሞ የፋርስ ንጉሥ ካምቢሲስ በ525 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን ለመውጋት በሲና በረሓ ሲያልፍ፥ የዓረቦች ንጉሥ ከግመል ቆዳ በተሠራ አቁማዳ ውኃ አስሞልቶ በግመሎች አስጭኖ እንደ ጠበቀው ይተርካል። ያለዚያ ውኃ ያ ሠራዊት ግብፅን ባላየም ነበር።

ቆዳ ብዙ ደግ ጠባይ አለው። አይሰበርም፤ ውኃው ሲያልቅ ይታጠፋል፤ ከላዩም ጥቂት ጥቂት እያላበ ስለሚተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። ሆኖም በቆዳው ውስጥ የቀረው ስብ እየቈየ ይገማል፤ ውኃውም ያን ጠረን ይቀበላል። ይህን የሚጸየፍና ሀብቱ የሚፈቅድለት ሰው ሌላ መንገድ ፈለገ። እንደ ሄሮዶቱስ አባባል የካምቢሲስ አባት ታላቁ ቂሮስ ሲዘምት በሱሳ ከተማ አጠገብ ከሚፈሰው ከኮአስፔስ ወንዝ በቀር ከሌላ አይጠጣም ነበር። ያም ውኃ አስቀድሞ ይፈላና በብር ጋኖች ተሞልቶ በበቅሎ በሚሳቡ ሠረገላዎች ይከተለው ነበር። በዚያን ጊዜ ረቂቅ ተሕዋስያን መኖራቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ዳሩ ግን ማፍላት እንደሚገድላቸው፥ ብርም እንዳይራቡ እንደሚያግድ ዛሬ ስለምናውቅ የንጉሡ አሽከሮች ሳያውቁት በትክክለኛው መንገድ እንደ ሄዱ እንመሰክራለን።

ብር የሌለው ሕዝብስ ምን አደረገ? መልሱ ሩቅ አይደለም፤ በየቤታችን ይገኛል። እናቶቻችን እንስራና ጋን የሚያጥቡት በግራዋ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ሻካራ ስለሆነ የተጣበቀውን ይፍቃል፤ መራራ ስለሆነም የቈየውን ጠረን ይነቅላል። ከዚያ በኋላ የወይራ ፍልጥ አንድደው ዕቃውን በጢሱ ላይ ደፍተው ያጥኑታል። የወተት ቅልም እንዲሁ ይታጠናል። በጢስ ውስጥ የሚገኙት ንጥረ ነገሮች ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚያዳክሙ ስለሆኑ ማጠን ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን ስለ ግብፃውያን ኑሮ ጽፎ በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ የካይሮ ሰዎችም የሸክላ የውኃ ዕቃቸውን ውስጡን በሙጫ ጢስ ያጥኑት እንደ ነበረ ይገልጻል። የአባይን ውኃ ከላይና ከታች የሚጠጡ ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ችግር የተቀራረበ መድኃኒት ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነው።

የሮማ ወታደር ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ውኃውን ከሆመጠጠ ወይን ጋራ ቀላቅሎ ፖስካ የሚባለውን መጠጥ ይጠጣ ነበር። ኮምጣጣነቱ ጥቂት ረድቶት ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ዋናው ጥቅሙ መጥፎውን ጣዕም መሸፈን ነበረ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ጠረንን መሸፈንና ጠረንን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጠረንን የሸፈነ ሰው አፉን አታለለ፤ ጠረንን ያጠፋ ሰው ግን ዕቃውን አነጻ።

ይህ ልዩነት ጐልቶ የታየው በባሕር ላይ ነው። የአውሮፓ መርከበኞች ለወራት የሚጠጡትን ውኃ የሚይዙት በእንጨት በርሜል ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውኃው ይሻግታል፥ ይዝለገለጋል፥ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። መርከበኛውም አፍንጫውን ይዞ ወይም አልኮል ቀላቅሎበት ይጠጣው ነበር። በ1785 በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ይሠራ የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ቶቢያስ ሎቪትስ የእንጨት ከሰል ቀለምንና ሽታን ከፈሳሽ ውስጥ ስቦ የሚያስቀር መሆኑን ደረሰበት። ከሰል እጅግ ብዙ ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉት የሚሸተው ነገር በእነዚያ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያም ፈረንሳዊው ሊቅ ቤርቶሌ የበርሜሉ ውስጥ በእሳት ተለብልቦ ከሰል ይሁን ሲል መከረ። ከ1803 እስከ 1806 ዓለምን የዞረው የሩሲያው መርከበኛ ክሩዘንሽተርንም በዚህ ዘዴ ተጠቅሞ ንጹሕ ውኃ ጠጣ። እነሆ፥ ጠረን ከመሸፈን አልፎ መጥፋት ጀመረ።

ነገር ግን አፍ የወደደው ሁሉ ጤና አይደለም። ይህንን በብዙ ሕይወት የተማሩት በደቡብ አፍሪካ የተዋጉት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። በ1900 በየካቲት ወር በፓርደበርግ የቦየሮችን ሠራዊት ከብበው ሳሉ፥ ከላይ ከጠላት ሰፈር የሞቱ ፈረሶችና ከብቶች የሚንሳፈፉበትን የሞደርን ወንዝ እየቀዱ በኮዳቸው ይጠጡ ነበር። ብሉምፎንቴን ከገቡ በኋላ ደግሞ ቦየሮች የከተማውን የውኃ ማከፋፈያ ያዙባቸው። የአንጀት ተስቦ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። በዚያ ጦርነት ከጥይት ይልቅ በሕመም የሞተው የእንግሊዝ ወታደር በለጠ። የተጠማ ሰው አያማርጥም፤ ተስቦውም በቅምሻ አይታወቅም።

ከዚህ ወዲህ ሐኪሞች ክሎሪንን ወደ ወታደሩ ውኃ አመጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1917 ዴኪንና ደንሃም የተባሉ ሊቃውንት ወታደሩ በኮዳው ውስጥ የሚጨምረውን ሃላዞን የሚባል ክኒን አወጡ። ውኃው መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ወታደሩ ያጕረመርማል፤ ነገር ግን ከተስቦ ይድናል። እንግዲህ ጣዕሙ ክፉ ሆኖ ደኅና የሆነ ውኃ እንዳለ፥ ጣዕሙ ደኅና ሆኖ ክፉ የሆነ ውኃም አለ ማለት ነው።

በዚያው ጦርነት ወደ ምሽግ የሚላከው ውኃ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ቤንዚን ተይዞበት በነበረ ጣሳ ስለነበረ ወታደሮቹ ሻያቸው ሳይቀር ቤንዚን ይሸታቸው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ጀርመኖች በ1930ዎቹ የሠሩት ጠንካራ የብረት ዕቃ በሰሜን አፍሪካ በረሓ ታየ። የውኃው ዕቃ ከቤንዚኑ እንዳይደባለቅ ነጭ መስቀል ይቀባበት ነበር። እንግሊዞች ማርከው አደነቁት፤ አስመስለውም ሠሩት። ለጀርመናዊ ባወጡት «ጄሪ» በሚል የቅጽል ስምም ጠሩት። አንባቢዎቻችን በየቤታቸው ጀሪካን እያሉ የሚጠሩት ዕቃ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ዛሬ ከላስቲክ የሚሠራው ጀሪካን የእናቶቻችንን ጀርባ ከከባዱ እንስራ አሳርፏል።

ሆኖም ስለ ጀሪካን ሳንናገር የማናልፈው ማስጠንቀቂያ አለ። ዘይት የነበረበት ጀሪካን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጸዳል። የተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ መርዝ የነበረበት ግን መቼም መች ለመጠጥ ውኃ አይሁን። ላስቲክ መርዙን ወደ ውስጡ መጥጦ ቈይቶ ይተፋዋልና፥ ሽታው ቢጠፋም መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሊደረግለት የሚገባው በስቶ ከአገልግሎት ማስወጣት ብቻ ነው።

አሁን እኔን ወደ አሳፈረኝ ከረጢት እንመለስ። በ1989 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፥ ዊቺታ ፎልስ በምትባል ከተማ፥ በነሐሴ ሐሩር በሚደረግ የ100 ማይል የብስክሌት ጕዞ ላይ ማይክል ኤይድሰን የተባለ የአምቡላንስ ሕክምና ሠራተኛ ተሳታፊ ነበረ። ውኃ ለመጠጣት እጁን ከመሪው ማንሣት ስላልወደደ ለበሽተኛ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጥበትን ከረጢት ውኃ ሞልቶ በረዥም ካልሲ ውስጥ ከተተው። ካልሲውን በልብሱ ጀርባ ላይ ሰፍቶ ቱቦውን በትከሻው አሳልፎ እየጠባ ጋለበ። ከዚያ የተወለደው ንግድ ካሜልባክ፥ ማለት የግመል ጀርባ፥ ተባለ። በእውነቱ ግመል በሻኛዋ የምትይዘው ውኃ ሳይሆን ስብ ነው። ቢሆንም ውኃ የሞላ አቁማዳ በግመል ጀርባ ካስጫነው ከጥንቱ የዓረቦች ንጉሥ አንሥቶ ለሚያውቅ ሰው ስሙ ያለ ቦታው አልገባም።

ይህ ከረጢት የሚሸተው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አዲስ ሲሆን ከላስቲኩ የሚወጣው ጠረን ነው። ሁለተኛውና የሚከፋው ግን ረቂቅ ተሕዋስያን በእርጥብ ግድግዳው ላይ ተጣብቀው የሚሠሩት የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ነው። በ1978 አሜሪካ በሚታተም መጽሔት ላይ ኮስተርተን የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ ተሕዋስያን እንዴት እንደሚጣበቁ አስረድተዋል። ከሽፋናቸው በታች ሆነው ስለሚኖሩ ውኃ ማለቅለቅ ብቻ አያስለቅቃቸውም። ስኳር ያለበት መጠጥ ደግሞ ቀለባቸው ነው።

ስለዚህ ሥራው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከረጢቱን፥ ቱቦውንና የሚጠባበትን ጫፍ ለያይቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና መፈተግ ያስፈልጋል። ለቱቦው ረዥም ቀጭን ብሩሽ ይገኛል፤ ከጠፋም ጨርቅ የታሰረበት ሲባጎ በውስጡ መሳብ ይቻላል። ሁለተኛ፥ ለ1 ሊትር ሙቅ ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙቶ ቱቦው ጭምር እንዲሞላ አድርጎ ማሳደር ነው፤ ይህ የላስቲኩን ጠረን ያለዝባል። ከዚያ በኋላም ጠረን ቢቀር ከታጠበ በኋላ በሎሚ ጭማቂ በተቀላቀለ ውኃ መድገም ይጠቅማል። ሻጋታ ከታየ ለ1 ሊትር ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሮ ሩብ ሰዓት ያህል አቈይቶ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። በረኪናን ግን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋራ ማደባለቅ ሳምባ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ አይደረግ። በመጨረሻም አፉን ከፍቶ፥ ግድግዳዎቹ እንዳይጣበቁ በመካከል አንዳች ነገር አግብቶ፥ አንጠልጥሎ ማድረቅ ነው። ማድረቅ ያልተመቸው ሰው በረዶ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያኖረው ሻጋታው እንዳይበቅል ያግደዋል።

ክቡራን አንባቢዎች፥ ዕቃው ከግመል ቆዳ ወደ እንጨት፥ ከእንጨት ወደ ብረት፥ ከብረት ወደ ላስቲክ ተለውጧል። ሥራው ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም መፈተግ፥ ማጥፋትና ማድረቅ ነው። ሎሚና ስኳር ጨምሮ ጠረኑን የሚሸፍን ሰው የሮማን ወታደር ብልኃት ይደግማል፤ ዕቃውን አጥቦ አፉን ደፍቶ የሚያደርቅ ሰው ግን የእናቱን ምክር ይፈጽማል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ከመንገድ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ከረጢቴን አጥባለሁ። እናቴም ከእንስራዋ አጠገብ ባለው ችንካር ላይ ተንጠልጥሎ ሲደርቅ ባየችው ጊዜ ምንም አልተናገረችኝም፤ ፈገግ ብላ አለፈች።