ስለ አሞኮ ካዲዝ መርከብ መሪ መሰበር

ከእኛ ከጥርባ ተማሪዎች መካከል ከዘንገና ሐይቅ የሰፋ ውሃ ያየን ጥቂቶች ነን። ይሁን እንጂ ወላጆቻችን በክረምት በማሳቸው የሚበትኑት ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ የመርከብ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. በፈረንሳይ ጠረፍ የደረሰውን አደጋ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

የታላቅ መርከብ መሪ በስተኋላ ከውሃ በታች የቆመ ሰፊ ብረት ነው። ነጂው ከላይ ሆኖ መዘውሩን ሲያዞር፣ ብረቱን የሚያንቀሳቅሰው ክንዱ ሳይሆን በሞተር ኃይል በቱቦ ውስጥ የሚገፋ ዘይት ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ መዘውሩ በከንቱ ይዞራል። የአገራችን ፈረሰኛ ልጓም ቢበጠስበት ጋማውን ይዞ ፈረሱን ሊመልስ ይሞክራል፤ መርከብ ግን ጋማ የለውም።

አሞኮ ካዲዝ ርዝመቱ 334 ሜትር ነበረ። ከ220 ሺህ ቶን የሚበልጥ ድፍድፍ ነዳጅ ጭኖ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ፣ መጋቢት 7 ቀን ጧት አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በብርቱ ማዕበል መካከል የዘይቱን ቱቦ የያዙት ብሎኖች ተሰበሩ። መሐንዲሶቹ ሊጠግኑት ታገሉ፤ ነገር ግን ከባዱ ብረት በማዕበሉ እየተመታ ወዲያና ወዲህ ይላተም ስለ ነበረ አልሆነላቸውም።

ቀትር ላይ ፓሲፊክ የተባለ የጀርመን ጎታች መርከብ ደረሰ። በዚያ ጭንቅ መካከል ስለ ክፍያው ውል ክርክር ተነሣ! ገመዱም ተበጠሰ። ሌላ ቢታሰርም ነፋሱ በረታና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መርከቡ በፖርሳል መንደር ፊት ለፊት ካለው ዐለት ተላተመ። ሠራተኞቹ በሄሊኮፕተር ዳኑ፤ ነዳጁ ግን ፈስሶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ጠረፍ አጠቈረ።

ለእኛ ከሁሉ ያሳዘነን የውሉ ክርክር ነበረ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ግን በ1976 ዓ.ም. ነገሩን ወደ ኋላ ሄዶ መርምሮ፣ አሞኮ ኩባንያ መሪውን በሚገባ አላስጠበቀም ሲል ጥፋተኛ አደረገው። ከዚያ በፊት በ1974 ዓ.ም. መንግሥታት ተስማምተው፣ የታላላቅ ነዳጅ ጫኞች መሪ አንዱ ክፍሉ ቢሰበር በ45 ሴኮንድ ውስጥ እንደገና እንዲታዘዝ ደንግገው ነበር።

ይህም ሆኖ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ዳሊ የተባለ ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ መብራቱ ጠፍቶ፣ መሪው አልታዘዝ ብሎ ድልድይ ጣለ፤ 6 ሠራተኞችም ሞቱ። በምርመራው የተገኘው መነሻ አንድ የላላ ሽቦ ነው።

በደንቡ መሠረት መርከብ ወደብ ከመልቀቁ በፊት ባሉት 12 ሰዓቶች ውስጥ መሪው መፈተሽ አለበት። ይህን የሚፈትሹ የመርከብ መሐንዲሶች በጎረቤታችን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሠለጥናሉ፤ ከክፍላችንም ሁለት ልጆች ወደዚያ ለመግባት ያስባሉ።